እግር ያቆመ ፎቶ

«በሐዘን ቤት የሰርግ ፎቶ ይዘረጋል? ኧረ ሰው ምን ይላል!» አለች አክስት፣ የምንጣፉን ጫፍ በሁለት እግሯ ረግጣ።

«ሰው ያለውን ይበል። እግርሽን አንሺልኝ፣ እትዬ» አለች የሟቹ ልጅ ሙጫ፣ በወዲያኛው ጫፍ ጎንበስ ብላ እየሳበች።

«አላነሳም! ወንድሜ አፈር ከለበሰ ሳምንት አልሞላውም።»

«እኔ እኮ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ» አለ የሙጫ ታላቅ ወንድም በሩን ተደግፎ። «የሙሽራዋ አባት ራሱ ደውሎ ‹እናንተ ሐዘን ላይ ናችሁ፣ አልበሙ ይቅር› ብሎኛል። ፎቶዎቹን ፍላሽ ላይ እንገለብጥላቸዋለን፤ አለቀ።»

«አባትየው ይቅር አለ እንጂ ሙሽራዋ ብላለች?»

«ሙሽራዋ ከነገ ወዲያ ከባሏ ጋር አገር ለቃ ትሄዳለች። መቼ ሊደርስ ነው?»

«ለዚህ አይደል እንዴ ዛሬ የምዘረጋው!»

ይህን ያለችው ጮክ ብላ ስለነበር፣ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ለቀስተኞች የሻይ ብርጭቆአቸውን እንደያዙ ወደ እሷ ዞሩ። እናቷ የተኛችው ውስጥኛው ክፍል ነው። ከቀብር መልስ እዚያ ገብታ አልወጣችም።

ጠቡን ይዞ የመጣው ፎቶ አጣቢው ነበር። ሟቹ ፎቶ አንሺ በመጨረሻ ያነሣውን ሰርግ ፎቶዎች እንዲያጥብለት ሰጥቶት በማግስቱ ልቡ ቀጥ አለች። አጣቢው ቢያመጣቸው ነውር፣ ቢያስቀራቸውም ነውር ሆኖበት ሲያመነታ ሰንብቶ፣ ዛሬ ለቅሶ ሲመጣ ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ገባ። «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ሙጫ ጭን ላይ አኖረላትና ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እሷ ግን አላለቀሰችም። የአዲሱ ወረቀት ሽታ አፍንጫዋን ሲመታው ልቧ ዘለለች፤ ዘልላም አስደነገጠቻት። አባቱን የቀበረ ሰው ልብ እንዲህ ይዘላል?

ትክክለኛ ስሟን ያስረሳባት አባቷ ነው። እሱ ፎቶዎቹን መርጦ ይደረድራል፣ እሷ የአልበሙ ገጾች ላይ ትለጥፋለች፤ በዚያው «ሙጫ» ሆና ቀረች። ዓመታት ሙሉ አንዲት ፎቶ እንኳ ከቦታዋ እንድታንቀሳቅስ ፈቅዶላት አያውቅም። ከዚያ ሰርግ ሲወጡ ግን የካሜራውን መቆሚያ መኪናው ውስጥ እያስገባ፣ ቀና ብሎ ሳያያት፣ «ይሄንን አንቺ ትደረድሪዋለሽ። እኔ እጄን አላስገባም» አለ። ይኸው፣ በእርግጥም እጁን አላስገባም።

ስቱዲዮው ውስጥ «አልበሙን ተወውና ዋጋውን ቀንስልን» የሚል ሙሽራ አይጠፋም ነበር። አባቷ ፈገግ ይልና በጣቱ ይቆጥርለታል፦ ትልቁ አልበም ለሙሽሮቹ፣ ትንንሾቹ ለሁለቱ ወላጆች፣ አንድ ትልቅ ፎቶ ከነፍሬሙ ለግድግዳ። «ይሄ ሁሉ አብሮ ነው የሚሄደው፤ አይነጣጠልም። ፍላሽ ከጠፋ ጠፋ ነው፣ ወንድሜ። አልበም ግን ጠፋ ሲባል አልጋ ሥር ነው።» ሙሽራው ይስቃል፤ የሳቀ ሙሽራ ደግሞ እሺ ሳይል አይወጣም።

አመራረጡ ደግሞ የማንንም አይመስልም ነበር። የታጠቡትን ፎቶዎች ወለሉ ላይ ዘርግቶ በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ ይጠራል፤ ዳቦ ሻጩን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ከዝናብ ሊጠለል የቆመውን። «እስቲ ዙሩልኝ» ይላቸውና ራሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ እግር እግራቸውን ያያል። «አፍ ያሞግሳል፤ እግር ግን አይዋሽም። እግር ያቆመ ፎቶ አልበም ይገባል።»

ሙጫ ምንጣፉን መሳብ ተወች። ጥቅሉን ፈታ ፎቶዎቹን እዚያው፣ በአክስቷ እግር ዙሪያ መደርደር ጀመረች። አክስት ጣሪያውን አየች። ከዚያ ግድግዳውን አየች። ከዚያ፣ ዓይን መቼም ዓይን ነው፣ ወደ ታች ሰረቅ አደረገች።

«ይቺ ደግሞ ምን ነክቷት ነው አፏን እንዲህ የከፈተችው?»

«ሚዜዋ ናት። የሙሽራዋ ቀለበት ጠፍቶባት ነው።»

«በሞትኩት! ከዚያስ?»

«በራሷ በሚዜዋ ጣት ላይ ተገኘ። እንዳይጠፋ ብላ አጥልቃው።»

አክስት አፏን በመዳፏ ያዘች፤ ነገር ግን ከለቀስተኞቹ መሃል ልብስ ሰፊው ቀድሟት ሳቀ፣ ሳቁም ከግድግዳ ግድግዳ ዞረ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ።

«አትናገሩ፣ ዙሩ ብቻ» አለች ሙጫ ጥጓን ይዛ። «እኔ እግራችሁን ነው የማየው።»

«የእኔ ጉልበት እንኳ አይታጠፍም» አሉ አንድ ጡረተኛ መምህር።

«ጋሼ፣ ዙሩ አለች እንጂ ጨፍሩ አላለችም» አላቸው ልብስ ሰፊው።

ዞሩ። እዚህ ሁለት ጥንድ ጫማ ቆመ፣ እዚያ አክስት ሄዳ ተመለሰች። ሙጫ የቆሙበትን ታነሣለች፣ ታስቀድማለች፣ ታስከትላለች። አንዱ ፎቶ ሌላውን ሲጠራው ይሰማት ጀመር፤ የሚዜዋ አፍ ባዶውን የቀለበት ሳጥን ይጠራል፣ ሳጥኑ የሙሽራውን ላብ ይጠራል። ጆሮዋ ድረስ ጋለች። አባዬ ለብቻው ሲደሰትበት የኖረው ይህን ነበር!

ወንድሟ ወደ ውስጥ ሊያልፍ ብሎ ፎቶ ላለመርገጥ ሲሞክር፣ ድንገት ቆመ። አንድ ጎልማሳ ሰው ከአዳራሹ ምሰሶ ኋላ ተሸሽጎ፣ ኬክ የያዘ ሳህን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ያለቅሳል።

«ማነው ይሄ?»

«አባትየው።»

«‹አልበሙ ይቅር› ያለኝ ሰውዬ?» ጎንበስ ብሎ አየው። «ኬኩን እንኳ አልነካውም እኮ…» ጆሮውን አከከ፣ ወዲያና ወዲህ አለ፣ በመጨረሻ ስልኩን አወጣ። «ልደውልለት። አልበሙ አይቀርም እለዋለሁ። በኋላ ጉድ እንዳትሠሪኝ ብቻ!»

ይህን ጊዜ የውስጥኛው በር ተከፈተ።

አክስት ተንደርድራ ምንጣፉን ልትጠቀልል ጀመረች፤ «እኔ ብያለሁ፣ ብያለሁ!» ትላለች በሹክሹክታ። እናት ግን በእጇ ተይው አለቻትና በባዶ እግሯ በፎቶዎቹ ዳርቻ መራመድ ያዘች። ሙሽራዋን አለፈች። ኬኩን አለፈች። ሙጫ የእናቷን እግር በዓይኗ ተከተለች። እናት የቆመችው ጥግ ላይ፣ ሙጫ «ተበላሽቷል» ብላ ገለል ያደረገችው ፎቶ አጠገብ ነው። ሰው ሁሉ ለጭፈራ ተነሥቶ የተተወ ጠረጴዛ፣ ከኋላ የሚወዛወዝ ብዥታ፣ አንድ ወንበር ላይ የተንጠለጠለ ኮት።

«ቁልፉን አየሽው?» አለች እናት። «ጥቁር ክር አልቆብኝ በቀይ የሰፋሁት ነው። ‹ማን ያየዋል› ብሎኝ ነበር።»

አባቷ ጭፈራ ሲጀመር ኮቱን አውልቆ ነበር የሚሠራው። የራሱን ዕቃ ግን በፎቶ ውስጥ አያስገባም፤ ሳያነሣ በፊት ሁልጊዜ ገለል ያደርገዋል። ያን ዕለት አላደረገም።

«እማዬ፣ ይሄ የእኛ ነው። ለእኛ ላስቀረው።»

«እግር ካቆመ አልበም ይገባል። የራሱ ሕግ አይደለም?» እናት ምንጣፉ ዳር ተቀመጠች። «እስቲ ሻይ ስጡኝ።»

ሙጫ ፎቶውን አነሣችና ሳታመነታ የመጨረሻው ገጽ አደረገችው። ሁሉም ለጭፈራ ተነሥቷል፤ ሰርግ ሌላ በምን ያልቃል?

ከዚያ ቤቱ እንደገና ተናጋ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ትልቁ ፎቶ የትኛው ይሁን በሚል መምህሩና ልብስ ሰፊው ተያያዙ፣ ከሁለቱም ይልቅ አክስት ጮኸች፣ ወንድሟ በስልኩ ላይ አንድ ጆሮውን ደፍኖ «አይቀርም፣ አይቀርም!» ይላል፣ እናት ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ «ሁለታችሁም ዓይን የላችሁም» አለቻቸው።

ሙጫ ፎቶዎቹን በተራቸው ሰብስባ ጠቀለለች። ከበሩ ኋላ ከሚስማሩ ላይ ኮቱን አውርዳ ለበሰች፤ እጅጌው ጣቶቿን ዋጣቸው። በቀይ ክር የተሰፋውን ቁልፍ ቆለፈችና ጥቅሉን በብብቷ ይዛ ወደ ስቱዲዮው ወጣች። ከኋላዋ ክርክሩ ቀጥሎ ነበር።