ስፌቱን እየው

«ለመሆኑ ልጄ፣ ሥራህ ምንድን ነው?»

እናቱ ይህን ጥያቄ እሑድ እሑድ ትጠይቀዋለች። ሶፋ ሠሪውም እሑድ እሑድ ስልኩን ከአንዱ ጆሮው ወደ ሌላው ያዛውርና «መስመሩ እየተቆራረጠ ነው እማዬ» ይላል። መስመሩ ጤነኛ ነበር። የሚቆራረጠው እሱ ነው። ሊዋሻት አስቦ አይደለም፤ እሱም ቢሆን መልሱን አያውቀውም።

ከአገሩ ሲወጣ የተያዘለት ሥራ አልነበረም። የነበረው አንድ ሐሳብ ነው። ከታናሽ ወንድሙ ጋር በሚሠሩባት ሱቅ ውስጥ፣ በከንፈሩ ምስማር እንደያዘ፣ ሐሳቡን ለመጣው ለሄደው ሲያስረዳ ከርሟል።

«ሰው የትም አገር ቢሄድ ይቀመጣል አይደል? ከተቀመጠ ሶፋ አለ። ሶፋ ካለ ያረጃል። ያረጀ ሶፋ ደግሞ እኔን ይፈልጋል። ታዲያ እኔ ምን ሥራ ፍለጋ አለብኝ? ሥራው ነው እኔን የሚፈልገው።»

ሐሳቡ ቀዳዳ አልነበረውም። ቅጥነቱና ግትርነቱ ተደምረው «ምስማር» ያሰኙት ታናሹ እንኳ መዶሻውን አስቀምጦ «እውነትህን እኮ ነው ጋሼ» ብሎት ነበር። ምስማር እውነትህን ነው ካለ ነገር አለቀ።

አዲሱ አገር ሲደርስ ሐሳቡን ከሞላ ጎደል ትክክል ሆኖ አገኘው። ሰዎቹ ይቀመጣሉ፤ እንዲያውም አቀማመጥ ያውቁበታል። ሶፋቸውም ያረጃል። ያልገመተው የመጨረሻዋን ነገር ብቻ ነው፤ ሶፋው ሲያረጅ አውጥተው መንገድ ዳር ይጥሉታል።

በመጣ ሰሞን አንድ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ በር ላይ ተቀምጦ ሲያይ፣ ሰዎቹ ቤት እየቀየሩ ነው ብሎ ገመተ። የሚጠብቀው ሰው አለመኖሩ አሳዘነው። ሌባ እንዳይወስደው ብሎ አጠገቡ ቆመ። ባለቤቶቹ በመስኮት አጮልቀው እያዩት ነበር፤ ጀንበሯ ስታዘቀዝቅ አንዱ ወጣና፣ ከፈለግክ ውሰደው፣ እባክህ ብቻ ከበራችን ላይ ሂድልን ብሎ በእጁ አሳየው። ሶፋ ሠሪው ጎንበስ ብሎ መቀመጫውን ተጫነው። ሞላዎቹ ደህና ናቸው። ስፖንጁ ትንሽ ተኝቷል። ጨርቁ አንድ ቦታ ተቀዷል። በሱ ሱቅ ቢሆን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እንደ ሞተ ዘመድ ተሰናብቶት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያልረገጠው ሱቅ፣ ያላንኳኳው በር የለም። «ሶፋ አድሳለሁ» ይላል፣ በለመዳት ጥቂት ቃል። «ለምን?» ይሉታል። ክፋት የላቸውም፤ ከልባቸው ማወቅ ፈልገው ነው። እሱ ደግሞ በሕይወቱ ለምን ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም፤ መቼ ይደርሳል ተብሎ እንጂ።

የሚኖረው ከአንድ የአገሩ ልጅ ጋር ነው። ሰውየው ከመጣ ብዙ ጊዜው ነው፣ ስሙም አማካሪው ነው። ሥራ እንዴት እንደሚገኝ፣ ለቀጣሪ እንዴት ፈገግ እንደሚባል፣ የትኛው እጅ ቀድሞ እንደሚዘረጋ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሌላውን ለመምከር ጊዜ ያገኘውም ራሱ ሥራ ስለሌለው ነው።

አንድ ቀን ሶፋ ሠሪው ከብርድ ሸሽቶ አንድ ግዙፍ የቤት ዕቃ መደብር ገባ። ውስጡ ክፍል ክፍል ሆኖ ተዘጋጅቷል፤ እዚህ ሳሎን፣ እዚያ የልጆች ክፍል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ቢሮ። ቢሮው ውስጥ ትልቅ ጠረጴዛ፣ መብራት፣ መጻሕፍት የሞሉበት መደርደሪያ አለ። መጻሕፍቱን ነካ አደረጋቸው፤ ካርቶን ናቸው። ከጠረጴዛው ኋላ ግን አንድ የቆዳ ወንበር ተቀምጧል። የክንዱ ስፌት ድርብ ነው፤ ክሩ ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ አንዲት እጥፋት ሳይፈጥር ዞሮ ይመለሳል። ሶፋ ሠሪው አፉን ያዘ። እሱና ምስማር በዚህች ማዕዘን ስንት ጊዜ ተጣልተዋል! ምስማር «እጥፋት ሳይኖረው አይዞርም» ባይ ነው፤ እሱ ደግሞ «ይዞራል» ባይ።

ስፌቱን ፎቶ ለማንሳት ስልኩን ሲያወጣ ሻጯ አየችው። ደግ ልጅ ናት። ስልኩን ተቀበለችው፣ እሱን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፣ ቀና በል አለችው፣ አነሳችው። እምቢ ማለት የሚችልበት ቃል ገና አልለመደም። ፎቶውን ለምስማር ላከለትና ከሥሩ «ስፌቱን እየው» ብሎ ጻፈ።

በማግስቱ እናቱ ደወለች። እሑድ አልነበረም።

«እልልልል! ቢሮ ሰጡህ አይደል?»

«የምን ቢሮ?»

«ልጄ፣ ከእኔ ደግሞ ምን ይደበቃል? ምስማር አሳየኝ እኮ! ያ ሁሉ መጽሐፍ! መቼ ልታነበው ነው?»

«እማዬ፣ እሱ ካርቶን...»

«ጋሽ ፍሬም አሳድጎ፣ መስታወት አልብሶ ሠራልኝ። በነፃ! ምን ያለ የተባረከ ሰው ነው!»

ጋሽ ፍሬም ከእነሱ ሱቅ ጎን ጠባብ ሱቅ ያለው ፎቶ አጣቢና ፍሬም ሠሪ ነው። እንኳን ፍሬም ሰላምታም በነፃ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ከወንድማማቾቹ ጋር ያለው ወሬም አንድ ብቻ ነው፤ «ይቺን በመካከላችን ያለችውን ግድግዳ ብናፈርሳትስ?» ይላቸዋል፣ እነሱም ይስቃሉ።

ሶፋ ሠሪው ያን ጊዜ «አይ እማዬ፣ መደብር ውስጥ ነው» ማለት ነበረበት። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እናቱ ግን ደስታዋን ለጎረቤት እያካፈለች ነው፤ ከጀርባዋ የሴቶች ድምፅ ይሰማል፣ አንዷ «ሲያምርበት!» ትላለች። በዚህ መሃል ምን ተብሎ ይነገራል? ዛሬ ትደሰት፣ ለእሑድ እነግራታለሁ አለ። እሑድ ሲደርስ ፎቶው ግድግዳ ላይ ወጥቷል። ግድግዳ ላይ የወጣ ነገር ደግሞ በስልክ አይወርድም።

ከዚያ ጎርፉ መጣ። የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት አማች፣ ስሙን ሰምቶት የማያውቅ የእናቱ የጡት ልጅ፣ ሁሉም «እባክህ አንተ ጋ አስገባኝ» ይሉታል። ቁርጡን መናገር ቢያቅተው ለሁሉም «እናያለን» እያለ መለሰ። ይህም ነገሩን አባሰበት። እናያለን የሚለው አለቃ ብቻ ነዋ! የቀረችው ጥርጣሬም በዚህች ቃል ተወገደች።

ይህ ሁሉ ቀልድ ሆኖ ሊያልፍ ይችል ነበር፤ ምስማር ባይደውል።

«ጋሼ! ቪዛው ወጣልኝ!»

«የምን ቪዛ?»

«ድንገት ላስደስትህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ። ሐሙስ እሳፈራለሁ።»

ሶፋ ሠሪው ፍራሹ ላይ ቁጭ አለ። «ሱቁስ?»

«ቁልፉን ለጋሽ ፍሬም እሰጠዋለሁ። እስክንረጋጋ ኪራዩን እየከፈለ ይይዝልናል። እንዲያውም 'ወንድምህ እዚያ ቢሮ ተቀምጦ አንተ እዚህ ስፖንጅ ስትቆርጥ አታፍርም?' ያለኝ እሱ ነው።»

«እማዬ የምትተዳደረው እኮ በዚያች ሱቅ ገቢ ነው!»

«አንተ እያለህ? ጋሼ ደግሞ፣ ሰው ይሰማሃል።»

«ስማኝ ምስማር፣ እዚህ ነገሩ እንደምታስበው አይደለም።»

«ገባኝ፣ ገባኝ። አለቃ መሆን ራስ ያዞራል ይላሉ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሱቋ የኪራይ ናት፣ አከራዩ ደግሞ ቁልፍ የያዘውንና የከፈለውን ነው የሚያውቀው። ምስማር ቁልፉን ከሰጠ እናቱ የምትቀምሰው የላትም፤ እነሱም የሚመለሱበት የላቸውም።

«እውነቱን ልነግረው ነው» አለ ለአማካሪው።

አማካሪው ካልሲውን እያጠበ ነበር። «አልመክርህም።»

«ለምን?»

«እኔ ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። ሥራ የለም፣ ኑሮው ከባድ ነው፣ አትምጣ አልኩት። ምን ቢል ጥሩ ነው? 'ብቻህን ልትበላ!' ካኮረፈኝ ቆየ። ወንድሜ፣ ከዚህ ሆነህ አትምጣ ስትላቸው የሚሰሙት አትድረሱብኝ ስትል ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ማስረጃ» አለ አማካሪው፣ ካልሲውን እየጨመቀ። «ካርቶኑን መጽሐፍ ፎቶ አንሳና ላክለት።»

ዕድሜውን ሙሉ ከመከራቸው ምክሮች ይቺ ሳትሻል አልቀረችም። ሶፋ ሠሪው እየሮጠ መደብሩ ደረሰ። ጥጉ ጋ ሲደርስ ግን ቢሮው የለም። ጠረጴዛውም፣ ወንበሩም፣ መደርደሪያውም ተነስተው በቦታቸው ሰፊ አልጋ ተነጥፏል። ቆሞ ቀረ። ሰው ሥራውን ያጣል፤ እሱ ግን ይዞት ከማያውቀው ሥራ መባረሩ ነው። የሚገርመው ደግሞ ማዘኑ።

ሻጯ አስታወሰችው። ፈገግ ብላ እጇን ለስልኩ ዘረጋች፣ በሌላው እጇ አልጋውን አሳየችው። አሁን ግን እምቢ ማለትን ለምዷል። እዚህ መደብር ውስጥ የትም ቢነሳ ሀብታም እንደሚሆን ገብቶታል። አልጋው ላይ ቢነሳ እናቱ ሚስት ልትፈልግለት ነው።

ወጥቶ በየመንገዱ ዞረ፤ ሆዱ የተዘረገፈ፣ ዝናብ የጠገበ፣ አንድ እግሩ የጎደለ ሶፋ አገኘ። ተቀመጠበት። እጁን ዘርግቶ ራሱን አነሳ፤ ስፖንጁም፣ ጭቃውም፣ የቆሻሻ ገንዳውም አብረው እንዲታዩ አድርጎ። ከሥሩም እንደ ወረደ ጻፈው፤ «ቢሮዬ ይሄ ነው። ያኛው የመደብር ዕቃ ነበር። ከመጣሁ ጀምሮ ሥራ የለኝም። ቁልፉን ለማንም አትስጥ። አትምጣ።» ሲልከው ከትከሻው ላይ ከባድ ጆንያ የወረደለት መሰለው።

መልሱ ወዲያው መጣ። በሳቅ እንባ የሚያፈሱ ፊቶች ተደርድረዋል። «ሃሃሃ ጋሼ፣ አለቃም ሆነህ ቀልድህ አልለቀቀህም! እማዬ አይታ እንዳትደነግጥ አጠፋሁት። ሐሙስ!»

ደወለለት። አላነሳም፤ ሻንጣ እየገዛ ነበር። ዳግመኛ ሲያገኘው ሠርግ ቀረሽ ሁካታ ውስጥ ነው፤ ዘመድ ሊሸኘው ተሰብስቦ «መርቁኝ» እያለ ነው። አንድ ሽማግሌ ስልኩን ተቀብለው ሶፋ ሠሪውንም አብረው መረቁት።

ምስማር ደረሰ። በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር ይዟል። በአውቶቡስ ሲሄዱ «መኪናህ ጋራዥ ገባች?» አለ። ክፍሉ ሲደርሱ ሁለቱን ፍራሽ፣ የተሰጣውን ካልሲ፣ መስኮቱን የደገፈውን ካርቶን አየ።

«ይሄ የዘበኛው ክፍል ነው?»

«እንኳን ደህና መጣህ» አለው አማካሪው። «ምክር ካስፈለገህ አለሁ።»

ምስማር ወንድሙን አየው። ሶፋ ሠሪው አንገቱን ደፋ። ብዙ ሰዓት አላስፈለገም፤ የመንገድ ዳሩ ፎቶ ቀልድ አለመሆኑ ለምስማር ያን ጊዜ ገባው። ቀስ ብሎ ፍራሹ ላይ ተቀመጠና የተጠቀለለውን ፈታ። ያው ፎቶ ነው፤ እናቱ «ቢሮው ይስቀለው» ብላ ለሁለተኛ ጊዜ ያሠራችው።

ሶፋ ሠሪው ፎቶውን ትኩር ብሎ አየው። አንድ ነገር ጎድሎታል። ስልኩን አወጣና ዋናውን ፎቶ ከፍሬሙ ጎን ያዘው። በስልኩ ላይ፣ ከወንበሩ ቀኝ ክንድ ውጭ፣ ትልቅ ቀይ የዋጋ ወረቀት ተንጠልጥሏል። ፍሬሙ ላይ ግን የፎቶው ጠርዝ ልክ ክንዱ ጋ ተቆርጧል። ቀጥ ባለ፣ በንጹሕ፣ በባለሙያ እጅ።

«አንተ!» አለ ሶፋ ሠሪው። «እኔ የላክሁልህ ላይ እኮ ወረቀቱ አለ! አላየኸውም?»

«ስፌቱን እየው አልከኝ» አለ ምስማር። «ስፌቱን አየሁ።»

ምስማር ጣቱን በመስታወቱ ላይ፣ በስፌቱ ዙሪያ አስኬደ።

«ደግሞ ይዞራል» አለ። «ያለ እጥፋት።»

«ነግሬህ ነበር።»

ከዚያ ሁለቱም ዓይናቸው እኩል ጠርዙ ላይ አረፈ። ወረቀቱን ያየው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አይቶም በምላጭ ቆርጦ ጣለው፤ መስታወቱንም በነፃ አለበሰ። ምስማር ስልኩን ያዘና ጻፈ፤ «ጋሽ ፍሬም፣ እንደምን አሉ? ሱቁን በስምዎ እንዳያዞሩት፣ ግድግዳውንም እንዳይነኩት አደራ። ቶሎ ልመለስ እችላለሁ።»

አማካሪው በትከሻው አሻግሮ አነበበ። «'ከአክብሮት ጋር' የምትል ጨምርበት።»

ጨመረና ላከው። መልእክቱ ደረሰ። ጥቂት ቆይቶም መታየቱን የሚናገረው ምልክት በራ። ሦስቱም ስልኩ ላይ እንዳቀረቀሩ ቀሩ።

እሑድ እናቱ ደወለች። ድምፅዋ በመዶሻ ጩኸት ታፍኖ በግድ ነው የሚሰማው። «ምስማርን አስገባኸው አይደል? እሰይ! ጋሽ ፍሬም እኮ የጎኑን ግድግዳ እያፈረሰ ነው፤ ስትመጡ ሰፋ እንዲልላችሁ ነው መሰለኝ። ምን ያለ የተባረከ ሰው ነው! እሱስ ይሁን፣ ልጆቼ፣ ለመሆኑ የምስማር ሥራ ምንድን ነው?»

ሶፋ ሠሪው ስልኩን ለምስማር አቀበለው። ምስማር ከአንዱ ጆሮው ወደ ሌላው አዛወረና «መስመሩ እየተቆራረጠ ነው እማዬ» አለ። ከዘጋ በኋላ ለጋሽ ፍሬም የላከውን ገልጦ አየ። ከአክብሮት ጋር የምትለዋ ቃል መጨረሻው ላይ ተቀምጣለች፤ ከሥሯ ምንም የለም። እስከ ዛሬም ምንም የለም።