ከሙርማንስክ የመጣው ፎቶ

ተናኘወርቅ ሌኒንግራድ ለትምህርት ስትላክ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሩሲያኛውን እዚያ ተማረች፤ የመርከብ ትምህርት ይማር የነበረውን ዘርይሁንንም እዚያው ወደደች። ደርግ በወደቀበት ዓመት እሷ ወደ ለንደን ተሻገረች። እሱ ግን፣ «ሙርማንስክ አንድ ክረምት ሠርቼ እከተልሻለሁ» ብሏት በዚያ የሰሜን ወደብ በረዶ ሰባሪ መርከብ ላይ ተቀጠረ። ደብዳቤው መጀመሪያ ሳሳ፣ ኋላም ጭራሽ ቀረ። አሥራ ስድስት ዓመት አለፈ።

ሩሲያ ከሰሜን ዋልታ በታች፣ ከባሕሩ ወለል ላይ ባንዲራዋን በተከለች በጥቂት ወራት ውስጥ ተናኘወርቅ ለንደን ውስጥ ካምደን ወዳለ አንድ ቢሮ ለማስተርጎም ተጠራች። ከሙርማንስክ የመጡ ሦስት ሰዎች ከእንግሊዝ የመርከብ ነጋዴዎች ጋር ተፋጠው ተቀምጠዋል። ክርክሩ በረዶው ሲሳሳ በሚከፈተው የሰሜን ባሕር መንገድ ላይ ነው።

«ባሕሩ የሁሉም ነው» አሉ እንግሊዞቹ።

«ማንም ቢያልፍ እኛን አስፈቅዶ ነው» አሉ የሩሲያዎቹ አለቃ ቪክቶር ፓቭሎቪች፤ «በዚያ ብርድ የኖሩት የእኛ ሰዎች ናቸው። እነሆ!» ብለው የመርከበኞች ፎቶ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አበሩ።

በሁለተኛው ረድፍ፣ ጢሙ ላይ በረዶ የጋገረበት ጥቁር ሰው ቆሟል። ተናኘወርቅ ዓይኑን አወቀችው፤ ዘርይሁን ነበር።

«ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ» አለች።

አስተርጓሚ የራሱን ጉዳይ አይጠይቅም። ለሻይ ሲነሱ ግን አልቻለችም፤ ቪክቶር ፓቭሎቪችን ተከትላ ስለ ዘርይሁን ጠየቀች። ሰውየው ትክ ብለው አዩዋትና ስልክ ቁጥሩን ጻፉላት።

ቅዳሜ ረፋድ፣ ዊልስደን ካለው ቤቷ ደወለች።

«ዘርይሁን፣ እኔ ነኝ።»

«ተናኝ? ቆይ... አማርኛዬ ዝጓል» አለ።

«ለምን አልመጣህም?»

«መጀመሪያ ወረቀት አጣሁ። ወረቀቱ ሲገኝ ደግሞ ብዙ ዓመት አልፎ ነበር፤ አፈርኩ።»

«አሁን ና ብልህስ?»

«አሁንማ አይለቁኝም። ያ መስመር የመንግሥት ምስጢር ሆኗል። እዚያ የሠራ ሰው ውጭ አገር እንዳይወጣ ፓስፖርቱን ይይዙበታል።»

«እንግዲያው እኔ እመጣለሁ» አለች፤ ከአፏ እስኪወጣ ድረስ እሷም አላሰበችውም ነበር።

ሰኞ ለቪዛ አመለከተች። ያን ሰሞን ለንደንና ሞስኮ አንዱ የሌላውን ዲፕሎማት ያባርሩ ነበርና መልሱ ወር አለፈው፤ ሲመጣም እምቢታ ነበር። እሷ ግን እንደገና ፎርሙን ሞላች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ይደዋወላሉ። አንድ ቀን ዘርይሁን ወሬ ሲያልቅበት፣ «ስሚ» ብሎ መስኮቱን ከፍቶ ስልኩን ወደ ወደቡ ያዘላት። የሩቅ መርከብ ጡሩምባ ሰማች፤ ከዚያም ነፋስ። «አትዝጋው» አለችው፣ «ትንሽ ልስማ።»