ዝምበል ላይ ወዬ አይባልም

ስብሰባው ሊያልቅ ሲል አንዲት አሮጊት ተነስተው ነገሩን ሁሉ አበላሹብኝ።

ከዛሪማ በላይ ዝምበል በሚባል ገደል ላይ ድልድይ ሊሠራ ታስቧል። ድልድዩ ለሰዉና ለአካባቢው ምን ይዞ እንደሚመጣ አጥንተን እንድናቀርብ ከጎንደር የተላክነው ሁለት ነን። ላቀው ዛፉን፣ አፈሩንና ውሃውን ያያል፤ እኔ አበቡ ደግሞ ሰዉን አነጋግራለሁ። «የኔ ዛፎች አይከራከሩኝም፤ ጉዱ ያንቺ ነው» እያለ ሁልጊዜ ይስቅብኛል። እኔ ደግሞ ቶሎ ነው የሚነደኝ።

የዚያን ቀን ግን መንደርተኛው አልተከራከረኝም። ጤና ጣቢያው ከገደሉ ወዲህ ነው፤ ግማሹ መንደር ከገደሉ ወዲያ። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ ምጥ የያዛት ሴት ማዶ ሆና ትጮሃለች እንጂ አትሻገርም። ሊቀመንበሩ አያ አወቀ ይህን ሲናገሩ ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔም በልቤ፣ ተመስገን፣ ይኼስ አለቀ አልኩ።

ይኼኔ ነው እሜቴ የትነበርሽ የተነሱት። ቀጭን፣ ወገባቸው ያልጎበጠ ሴት ናቸው። «ድልድዩ ይሠራ፤ ሸጋ ነገር ነው። ግን እዚህ አይሁን። ወደ ቆላው ዝቅ አድርጉት» አሉ።

«ምነው እሜቴ? እዚህ ቢሆን ምን ይጎዳዎታል?»

«ልጄ ይጠራኛል» አሉና ተቀመጡ። የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል።

ሰዉ ሲበተን አያ አወቀ ወደ ጥግ ወስደው አስረዱኝ። የእሜቴ የትነበርሽ አንድ ልጅ ባምላክ ይባላል። ጎረምሳ ሳለ ሊሻገር ሲል ደራሽ ውሃ ወሰደው፤ ሬሳው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ገደሉ ጉም ሲሞላ ከማዶ እናቱን ይጠራል።

«ገደሉ ድሮም ይጠራል» አሉ፣ ስለ ከብት ዋጋ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብለው። «ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። በጉም ጊዜ ከማዶ ስምሽ ከተጠራ ዝም ነው። የኛ ሰው ሲፈልገን ያፏጫል እንጂ ስም አይጠራም። አቤት ያለ፣ ወዬ ያለ ይሄዳል።»

«የት ነው የሚሄደው?»

«እንጃ። ይሄዳል ነው የሚባለው።»

እኔ ካርታው ላይ ዝምበል የሚለውን ሳነብ እንዲያው የቦታ ስም መስሎኝ ነበር። ዝም በል ማለት መሆኑ ሽው ብሎኝ አያውቅም።

ከመምሸቱ በፊት እሜቴ የትነበርሽን ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው። ልቆጣቸው ነበር የሄድኩት። ቆላው ላይ ያለው ሁለተኛው ቦታ ለወላድ ሴት ከግማሽ ቀን በላይ መንገድ ይጨምራል። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «እኔም ወላድ ነበርኩ። አንቺ ግን ልጅሽ እማ እያለ ሲጠራሽ ዝም ብለሽ ታውቂያለሽ? ያን ሁሉ ዓመት እጄን አፌ ላይ አድርጌ ነው የኖርኩት። የያዘኝ ውሃው ነው፤ ብመልስስ በየት እሄዳለሁ እያልኩ ነው የቻልኩት። እናንተ መንገዱን ካቀናችሁልኝ በምን እችላለሁ?»

ተናድጄ ወጣሁ። ውጭ ለሚጠብቀኝ ላቀው «ለአንዲት ሴት ጆሮ ተብሎ ድልድይ አይዛወርም» አልኩት። እሱ እንደ ልማዱ አልሳቀም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበርን። ላቀው ድልድዩ የሚያርፍበት ቦታ ያሉትን ወይራዎች እያየ ወደ ታች ወረደ። እኔ ደክሞኝ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ጉሙ ከሥር ተነስቶ ቀስ እያለ ሞላ፤ ማዶው ጠፋ፣ ወንዙ ጠፋ፣ ድምፁም አብሮ ጠፋ። ብርዱ እግሬን ሲይዘኝ ላቀውን መራገም ጀመርኩ።

«አበቡ!»

ከማዶ ነው። የወጣት ወንድ ድምፅ፤ ሞቅ ያለ፣ የሚያውቀኝ ሰው ድምፅ። ላቀው በሆነ በኩል ተሻግሮ ነው ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ ማለቱስ ይቅር፤ የጠራኝን ሰው ወዬ የምለው ሳላስብ ነው፣ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው።

«ወዬ!» አልኩ።

«ማንን ነው የምታናግሪው?» አለ ላቀው፣ ከጀርባዬ።

ዞር አልኩ። በእጁ ቅጠል ይዞ ቆሟል። ከማዶ እንደገና «አበቡ» ተባለ፤ አሁን ቀስ ብሎ፣ የፈለገውን እንዳገኘ ሰው። ከዚያ ላቀው ጃኬቴን ከኋላ ጨምድዶ ሲጎትተኝ አስታውሳለሁ። ከድንጋዩ የተነሳሁ አልመሰለኝም ነበር። እግሬ ግን ገደሉ ጫፍ ላይ ነበር፤ ጠጠሩ ከሥሬ ሲንሸራተት ሰማሁ።

በቅርብ ያለው ቤት የእሜቴ የትነበርሽ ነው፤ ላቀው እየጎተተ እዚያ አስገባኝ። ፊቴን ሲያዩ ገባቸው። ላቀው ክንዴን አልለቀቀም፤ እግሬ ግን አሁንም ወደ መጣሁበት መንገድ ይስበኛል። ይህን ስነግራቸው አፈርኩ፤ ፈራሁም፣ እንደ ሕፃን ነው የፈራሁት።

«ምን ብለሽ መለስሽ?»

«ወዬ።»

«ድምፁ እንዴት ነው? በርዶታል?»

«አልበረደውም እሜቴ። ሞቅ ያለ ነው።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። ወደ አፋፉ በኩል ሲያዩ ቆዩና «እናት አለችሽ?» አሉኝ።

«አለችኝ፤ ጎንደር።»

«እንግዲያውስ ያንቺ ወዬ ለሷ ነው» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ልናስቀራቸው ሞክረን ነበር። ላቀው በአንድ እጁ እኔን ይዞ በሌላው እሳቸውን መያዝ አልቻለም፤ ያዘው እኔን ነው።

ከኋላ ተከተልናቸው። አፋፉ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጉሙ ውስጥ «እማ» ሲል እኔም ሰማሁት፣ ላቀውም ሰማ። እሜቴ የትነበርሽ እጃቸውን ወደ አፋቸው አላነሱም።

«ወዬ ልጄ» አሉ። «ባምላክ፣ የሰውን ልጅ ተዋት። እኔ ነኝ የመለስኩልህ። ወዬ የኔ ጌታ።»

ሌላ ምንም አልሆነም። እግሬን የሚስበው ነገር ለቀቀኝ፤ ጉሙም እየሳሳ ሄደ። እሳቸው እየሳቁና እያለቀሱ ወደ ቤት መለሱን፤ ቆሎ አቀረቡልን። በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ቀለል ብሏቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። ስንሰናበት «ድልድዩን እዚሁ ሥሩት፤ ከእንግዲህ ቅር አይለኝም» አሉኝ። እኔም ቂል፣ ነገሩ በደህና ያለቀ መስሎኝ ተደሰትኩ።

ጎንደር ገብተን ብዙም ሳንቆይ አያ አወቀ ደወሉ። ማራኪ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ጠዋት ጉም ነበረ፤ የእሜቴ የትነበርሽ በር ተከፍቶ ተገኘ፤ እሳቱ አልጠፋም፤ እሳቸው የሉም። ወንዙን እስከ ቆላው ድረስ ፈልገው አጡ። አብረውኝ የተሳፈሩት ተማሪዎች እያዩኝ አለቀስኩ። ያ መንገድ የኔ ነበር፤ የሄዱበት እሳቸው ናቸው።

ከክረምት በኋላ ለሁለተኛው ስብሰባ ተመለስን። ድልድዩ ዝምበል ላይ ይሁን ተባለ፤ የተቃወመ ሰው የለም። ተቃውሞ የለም ብዬ ጻፍኩ፤ ብዕሩ እጄ ላይ ከበደኝ።

ስንወጣ ጉም እየገባ ነበር። አያ አወቀ ወደ አፋፉ ይዘውኝ ሄዱ፤ መንገዱን ሁሉ እጄን አልለቀቁም። «አሁን ማንም አይጠራም፤ አትፍሪ» አሉኝ። ጉሙ ሞላ። እውነትም የጠራ የለም።

ከዚያ ከማዶ የአሮጊት ድምፅ መጣ። «ወዬ ልጄ።» ዝም አለ፤ ሰው ሲጠራ የሚፈጀውን ያህል ብቻ። «ወዬ።» ደግሞ ዝም። «ወዬ የኔ ጌታ።» ድምፁ አይደክምም፤ አይቸኩልም።

ለረጅም ጊዜ ቆመን ሰማን። አልቆመም።

«መቼ ነው የሚያበቃው?» አልኳቸው።

አያ አወቀ ቆባቸውን አውልቀው ወደ ጉሙ አዩ። «እንጃ ልጄ» አሉ። «ያን ሁሉ ዓመት ሳትመልስለት ነው የጠራት።»