በእርሳስ የተሣሉ መነጽሮች

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ሊያጽናናሽ መጥቶ አንቺ ወረቀት ትፈትጊያለሽ?» አለች አክስቷ፣ የሻይ ፔርሙሱን እንደታቀፈች በሩ ላይ ቆማ።

እሷ ቀና አላለችም። ላጲሷን ወረቀቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ታመላልሳለች። «ለነገ ነው እኮ እትዬ። ነገ መጥተው ይወስዱታል።»

«ይውሰዱታ! ሙዚቃ እንጂ ሙሽራ ነው እንዴ እጥበት የሚያስፈልገው?»

ሳሎን የተቀመጡት ለቀስተኞች ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። ሐዘን ቤት ሳቅ የለም የሚል ሰው ካለ፣ ሐዘን ቤት ውሎ አያውቅም።

አባቷ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ለቴአትርና ለፊልም ሙዚቃ ሲደርስና ተጫዋቾቹን ሲመራ የኖረ ሰው ነበር። በቀብሩ ዕለት የቴአትር ቤቱ ሰዎች ጠጋ ብለው፣ በስሙ አንድ ክፍል ሊከፍቱለት እንዳሰቡ ነገሯት። የድሮ ፖስተሮቹን፣ የፊልሞቹን የድምፅ ቴፕ፣ የመግቢያ ትኬቶቹን ሳይቀር ይፈልጋሉ፤ ከሁሉም በላይ ግን ሙዚቃ ተጫዋቾቹ እያዩ ይጫወቱባቸው የነበሩትን የኖታ ወረቀቶች። ከአልጋው ሥር ሦስት ሣጥን ሙሉ ወጣ። ሲወጣ ግን ምን ያደርጋል! ገጹ ሁሉ በእርሳስ ተሞነጫጭሯል፤ መስመር፣ ክብ፣ ቀስት፣ ያልተጻፈበት ነገር የለም።

እሷ ደግሞ ላውንደሪ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት እድፍ ስታስለቅቅ የኖረች ሴት ናት። ባልደረቦቿ ስሟን ትተው «እድፍ አይችላት» ይሏታል። ኖታ ማንበብ አታውቅም። በቀለም የተጻፈው የአባቷ፣ በእርሳስ የተሞነጫጨረው ደግሞ የሰለቻቸው ተጫዋቾች ሥራ መሰላት። ለአባቷ እሱ የሚወደውን አንድ ነገር አድርጋለት እንደማታውቅ ታውቃለች፤ ምን እንደሚወድ መቼ ነግሯት! ይኼን ግን ማድረግ ትችላለች። ክብሩን ጠብቃ፣ ንጹሕ አድርጋ ትሸኘዋለች። እናም ከቀብር መልስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ መፋቅ ጀመረች።

ከሳሎኑ ወሬው ይሰማታል። አንዱ አባቷ ልምምድ ላይ ከበሮ መቺው ላይ እንዴት እንደቀለደበት ያወራል። ሌላው፣ «በሳቅ ይገድለን ነበር እኮ!» ይላል፤ ብሎም ያለቅሳል። እሷ እጇን አቁማ ትሰማለች። የትኛው ሰውዬ ነው በሳቅ የሚገድለው? እሷ የምታውቀው ጀርባውን ነው። እናቷ በልጅነቷ ሞታ ሁለቱ ብቻ ቀሩ፤ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ፒያኖው ላይ አቀርቅሮ ታገኘዋለች፣ እራቱን ስታቀርብለት እንዳቀረቀረ ነው። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሁሉም እያለቀሰ ነው፤ የሚያለቅሱት ግን እሷ ለማታውቀው ሰው ነው። እንደዚያ ቀን ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም።

አንድ ጊዜ፣ ወጣት ሳለች፣ ሙዚቃውን የሠራለትን ፊልም ብቻዋን ሲኒማ ገብታ አየች። አንዲት ሴት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰው ትጠብቃለች፤ የሚመጣ የለም። ክላርኔቱ ገባ። ምን እንደነካት እንጃ፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ቤት ስትደርስ ዓይኗ እንደቀላ፣ «አባዬ፣ ፊልሙን አየሁት» አለችው።

«ሙዚቃው ተሰማሽ?» አላት ሳይዞር።

«አዎ!»

«ከተሰማሽማ በዝቷል» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ቀልድ ይሁን ቁም ነገር እስከ ዛሬ አላወቀችም። ከዚያ ወዲህ ግን የእሱ ሙዚቃ ያለበት ፊልም ጋ ደርሳ አታውቅም።

አባቷ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ክላርኔት ነፊ መጣ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ለቴአትር ቤቱ የድሮ ዕቃ የሚሰበስበው እሱ ነው። «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» ብሎ ሻዩን ፉት ካለ በኋላ ሣጥኖቹ ወዳሉበት፣ ወደ አባቷ መኝታ ክፍል ይዛው ገባች። የመጀመሪያውን ሣጥን ከፈተ። አንድ ገጽ ገለጠ፣ ሌላም ገለጠ፣ ከዚያ ዓይኑ አታሎት እንዳይሆን መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየ።

«ማን ነው የፋቀው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ቆሽሾ ነበር።»

ሽማግሌው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ሊቆጣት አፉን ከፍቶ ጥቁር ልብሷን አየና ዘጋው። «ሁሉንም?»

«ሁለቱን ሣጥን። ሦስተኛውን አልደረስኩበትም።» ድምፅዋ አነሰ። «ምን አጠፋሁ?»

እሱ ሦስተኛውን ሣጥን ጎትቶ የራሱን የክላርኔት ወረቀት ፈልጎ አወጣ። ጠርዙ ላይ በእርሳስ ሁለት ክብ ተሥሏል፤ መሐላቸው በትንሽ መስመር ተያይዟል። «ይኼንን ነው የፋቅሽው?»

«መነጽሩን? አዎ፣ በየገጹ አለ። ተጫዋቾቹ ሲሰለቻቸው የሣሉት መስሎኝ…»

«ኧረ ወዲያ! አባትሽ ነው እንጂ! በእያንዳንዳችን ወረቀት ላይ፣ በገዛ እጁ።» ጣቱን ሥዕሉ ላይ አሳረፈ። «አየሽ፣ ተጫዋች ዓይኑ ወረቀት ላይ ነው። መድረክ ላይ ያለችው ተዋናይ ደግሞ እንባዋ ከዘገየ ትዘገያለች፤ ሙዚቃውም ሊጠብቃት ይገባል። እዚህ ቦታ ላይ ወረቀቱን ትተን የሚመራንን አባትሽን ማየት አለብን። መነጽሩ ‹እዩኝ› ማለት ነው። ልምምድ ላይም መጮኽ አይወድም፤ እንዲህ ብቻ ነው የሚያደርገው።»

አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አገጣጥሞ ክብ ሠራና ዓይኑ ላይ አደረገ።

እሷ የእጁን ክብ ትኩር ብላ አየችው።

«በአንድ እጅ ነው?» አለች።

«አንደኛው እጁ የመሪ ዘንጉን ይዞ የለ? ሁልጊዜ በአንድ እጁ ነበር።»

አባቷን ከመሞቱ በፊት ግማሽ ጎኑን መትቶት አንደበቱ ተይዞ አሥራ ስምንት ቀን ተኝቶ ነበር። በደህናው እጁ ክብ ሠርቶ ወደ ዓይኑ ያነሳ ነበር። እሷም መነጽሩን ታመጣለታለች። በሳሙና አጥባ፣ አድርቃ፣ አፍንጫው ላይ ታደርግለታለች። ያወልቀዋል፤ ያንኑ ምልክት ይደግማል። «አባዬ፣ ምን ላድርግህ? ይኸው መነጽርህ!» ብላ የተቆጣችበትም ቀን አለ። አንሶላ መለወጥ ነበረባት፣ የትራስ ልብስ ማጠብ ነበረባት፤ ሥራ ነበረባት። በመጨረሻዋ ጠዋትም እጁን አነሳ። መነጽሩን ደረቱ ላይ አስቀምጣለት ወደ ሳፋው ዞረች። እጇን አደራርቃ ስትመለስ ትንፋሹ የለም።

«የማያየው ሰው ካለስ?» አለች። «ምን ያደርግ ነበር?»

ሽማግሌው ፈገግ አለ፤ ምን እንደጠየቀችው በምን ይወቅ! «ሁሉንም ያቆምና ይጠብቃል። ቀና እስክንል ድረስ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ትዕግሥቱ ለጉድ ነበር።»

ሽማግሌው ሣጥኖቹን ዘጋ። የተፋቀውም ቢሆን ወደ ብርሃን ሰያፍ አድርገው ቢያዩት የእርሳሱ ጠባሳ እንደሚታይ፣ ሰው ሁሉ በሐዘን ጊዜ የማያደርገውን እንደሚያደርግ ነገራት። ሦስቱንም ሣጥን አብራው ተሸክማ እስከ ውጭው በር አደረሰች። «አንድ ገጽ እንኳ ለራስሽ አታስቀሪም?» ቢላት ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

ሳሎኑ እንደገና ሞልቶ ነበር። እንግዳ እንድትቀበልበት ወደ በሩ ዞሮ የተቀመጠላትን ወንበር በሁለት እጇ አነሳች። ወደ አባቷ መኝታ ክፍል ይዛው ገብታ ከአልጋው ፊት ለፊት አስቀመጠችና ተቀመጠች። ትራሱ እሷ እንዳጠበችው ነጭ ነው። መሐሉ ላይ አባቷ የተንተራሰበት ምልክት እንኳ የለም።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው መጣ እኮ!» ብላ ተጣራች አክስቷ።

አልዞረችም። ዓይኗን ትራሱ ላይ እንደተከለች ቀረች።