የቦርሳው ገበር

ስልኩ የጮኸው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እንቁ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ባለችው ቤቷ፣ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የጎረቤት ልጅ ዩኒፎርም ታሳጥር ነበር። በዚህ ሰዓት ልጇ መሐሪ ሰማይ ላይ መሆን ነበረበት። መሐሪ ፓይለት ነው፤ የትልልቆቹ አይደለም፣ የአንድ ባለሀብት የሆነች አምስት ሰው የምትጭን ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ነው የሚያበረው። ስሙን ስልኩ ላይ ስታይ እግሯ ከፔዳሉ ተንሸራተተ።

«እማ፣ ቦርሳዬን የነካ ሰው አለ?» አላት። ሌላ ሰው አጠገቡ ቆሞ የሚያዳምጠው ይመስል ነበር።

«ማን ይነካዋል?»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ኧረ ማን ይነካዋል ልጄ» አለች ደግማ። ስልኩ ተዘጋ።

የነካችው እሷ ነበረች።

መሐሪ ከመወለዱ በፊት እንቁ አንድ ልጅ ገና አራስ ሳለች ሞቶባታል። መሐሪ ሲመጣ ግን፣ ብረት ያለበት ቦታ ክፉ ነገር አይቀርብም ተብሎ፣ እጀታው የወለቀ ትንሽ ሰንጢ ትራሱ ሥር ተደረገለት። ልጁም አደገ። ሰንጢውን ለሃያ ስምንት ዓመት ከመርፌና ከቁልፍ ጋር በቆርቆሮ ውስጥ ስታስቀምጠው ኖረች። ክረምቱ ሲገባ መሐሪ እራት እየበላ፣ ከጂንካ ሲመለስ ደመና ውስጥ ገብቶ ሞተሩ ትንሽ እንዳስቸገረው እንደ ቀልድ አወራላት። ለእሷ ቀልድ አልሆነላትም። እሁድ ጠዋት እሱ ገላውን ሲታጠብ የበረራ ቦርሳውን ገበር ፈታች፣ ሰንጢውን በጨርቅ ጠቅልላ ከውስጥ አስቀመጠች፣ መልሳም ሰፋችው። ጥቁር ክር አልቆባት ስለነበር የቤት ቀሚሷን ጠርዝ በሰፋችበት ጥቁር አረንጓዴ ክር ነው የሰፋችው። ከላይ ሲያዩት ምንም አይታይም። በእጅ ስፌቷ ሁልጊዜም ትኮራ ነበር።

ይህ እንኳ ይሁን። ያላሳረፋት ሌላ ነው። ማክሰኞ ማታ መሐሪ እየተበሳጨ ነግሯት ነበር። የግል አውሮፕላን የሚያበሩት ፓይለቶች እስካሁን በራሳቸው በር፣ ጠባቂዎቹ በመልክ እያወቋቸው፣ ካፒቴን እንዴት አደርክ እየተባሉ ነው የሚያልፉት። ከሐሙስ ጀምሮ ግን እዚያም በር ላይ የመፈተሻ ማሽን ይቆማል፤ ጫማ ይወልቃል፣ ቀበቶ ይፈታል፣ ቅጽ ይፈረማል። አውሮፕላኑን ሊያጋጭ የፈለገ ፓይለት መሪው እጁ ላይ አይደል፤ የኔን ጥፍር መቁረጫ መቀማት ምን ያደርጋል ብሎ ሲስቅ፣ እሷም አብራው ሳቀች። ንገሪው፣ ንገሪው አላት ግን ልቧ። ከዚያ ደግሞ ይህ የተማረ ልጅ፣ እናቱ ብረት ሰፍታበት ብትገኝ በምን ዓይን እንደሚያያት አሰበችና አፈረች። ይህችን የምታህል ብረት ለማን ትታያለች ብላ ራሷን አታለለች። ዛሬ ሐሙስ ነው።

መልሳ ብትደውልለት ይቀላት ነበር። ግን በስልክ ሁለት ጊዜ ዋሽታዋለች። ዩኒፎርሙን መርፌው ሥር እንደተወችው፣ የቤት ቀሚሷን እንኳ ሳትቀይር ነጠላ ደርባ ወጣች። ከአባዶ መገናኛ በአንድ ሚኒባስ፣ ከመገናኛ ቦሌ በሌላ። ሰሚት አካባቢ መንገዱ ተዘጋግቶ ሚኒባሱ ሲንፏቀቅ፣ ምን ብላ እንደምትጀምር ደጋግማ ሞከረች። የሚሆን መጀመሪያ አላገኘችም።

በሩ ላይ የፓይለት መሐሪ እናት ነኝ አለች። ብዙ ካስጠበቋት በኋላ ፈቲያ የምትባል ወጣት ፈታሽ መጥታ ከበሩ አጠገብ ወዳለች ትንሽ ክፍል አስገባቻት። መሐሪ ቀበቶውን ሳያስር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ቦርሳው ገበሩ ተገልብጦ ተጋድሟል፤ ሰንጢው ደግሞ ነጭ ወረቀት ላይ ለብቻው ተቀምጧል። ከጠረጴዛው ማዶ የፈረቃው ኃላፊ አቶ ገሰሰ አሉ።

«የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ።

መሐሪ ቀና ብሎ አያት። «እማ፣ ተይ። አሁን በስልክ ማንም አልነካውም ብለሻል። እነሱም ሰምተውሻል።»

አቶ ገሰሰ አልተቆጡም። «እናቴ፣ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሁሉ እናት አለው። ልጅ ለማዳን የማይባል ነገር የለም። ይሄ ደግሞ የባለሙያ ስፌት ነው፤ እኛ የፋብሪካ መስሎን ነበር።»

ከዚያ ጥፋቱ ሰንጢው ብቻ አለመሆኑን አስረዷት፤ ቅጹም አለ። ፈቲያ ልታነብላት ስትል እንቁ ወረቀቱን ተቀበለቻት። ከኅዳር ጀምሮ ማታ ማታ በሰፈሩ ትምህርት ቤት የጎልማሶች ትምህርት ትማራለች። ለመሐሪ አልነገረችውም፤ ከልጆች መጽሐፍ ስትጀምር እንዳያያት ብላ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ እሄዳለሁ ነበር የምትለው። ጣቷን ከፊደሎቹ ሥር እየጎተተች አነበበች፦ «ቦርሳዬን... ከእኔ በቀር... ማንም... አልነካውም።» ከሥሩ የመሐሪ ፊርማ አለ። በሐሰት የፈረመ ፓይለት የመግቢያ ባጁን ይነጠቃል አሉ አቶ ገሰሰ። ባጅ የሌለው አውሮፕላኑ ጋ አይደርስም። አውሮፕላኑ ጋ የማይደርስ ፓይለት ደግሞ ለባለሀብቱ ምን ያደርግለታል?

እንቁ ወረቀቱን አስቀመጠች። ጎንበስ አለችና የቀሚሷን ጠርዝ ይዛ ወደ ላይ ገለበጠችው። ያ ጥቁር አረንጓዴ ክር፣ ያው ስፌት። ከሥር የተጣፈው ጉርዷና ባዶ ቅልጥሟ በሁለት ወንዶች ፊት ታየ። አቶ ገሰሰ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መሐሪ መሬት መሬቱን አየ። ፈቲያ ብቻ ቦርሳውን ይዛ ተንበረከከችና ገበሩን ከጠርዙ ጋር አስተያየችው።

«የአንድ ሰው እጅ ነው» አለች።

ለምን እንደሰፋችው አቶ ገሰሰ ጠየቋት። እንቁ ቀሚሷን ለቀቀች።

«ከእሱ በፊት አንድ ሞቶብኛል። ይሄን ትራሱ ሥር አድርጌ ነው ያሳደግኩት። ደመና ውስጥ ትራስ የለም።»

ማንም አልሳቀም። ብትስቁ ይሻለኝ ነበር ብላ አሰበች።

ቃሏን በጽሑፍ መስጠት ነበረባት። ፈቲያ ወረቀትና የጣት አሻራ ቀለም አመጣች። መሐሪም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ ልጻፍላት፣ እሷ አትጽፍም» አለ። እንቁ እስክሪብቶውን አነሳች። ሦስት መስመር ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ፈጀባት። ሰንጢውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ልጄ አያውቅም። በስልክ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። እየጻፈች ሳለ ከሜዳው በኩል የትንሽ አውሮፕላን ሞተር ሲነሳ ተሰማ። የመሐሪ አውሮፕላን ነበረች፤ ገብረዋሕድ የሚባል ሌላ ፓይለት ተጠርቶላት ነው። መሐሪ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ በጆሮው ተከተለው እንጂ፣ እናቱ ፊደል ስትጽፍ አላየም።

ሲጨርሱ አቶ ገሰሰ ወረቀቱን አነበቡት፤ ባጁን ለአሥራ አምስት ቀን እንደሚይዙትና ከማስጠንቀቂያ ጋር እንደሚመልሱለት ነገሩት። ሰንጢው እዚያው ቀረ። እናትና ልጅ እስከ መገናኛ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሄዱ። ሚኒባሱ ሰው ሲጭን፣ «መቼ ነው መጻፍ የተማርሽው?» አላት።

«ከኅዳር ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

አፍሬ ነው የሚለው ያው የሰንጢው መልስ ስለሆነባት፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን የታክሲ ሂሳብ መፍታት ጀመረች። እሱም ደግሞ አልጠየቃትም።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ወደ ሥራ ተመለሰ። ቦርሳው ግን ቤት አልገባም፤ መሥሪያ ቤት ቆልፎበት ይመጣል። ቅያሪ ሸሚዙንና የጥርስ ብሩሹን የሚይዘው ውስጡ በሚታይ ነጭ ፌስታል ነው። ማታ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል፤ እሷም ጠረጴዛውን ስትወለውል ዙሪያውን እንጂ ፌስታሉን አታነሳም።

አንድ ቀን ጠዋት እንደ ድሮው ዳቦ ቆሎ ቋጠረችለት። ፌስታሉ አፉ ተከፍቶ አጠገቧ ነበር። ክንዷን ከዘረጋች በኋላ መለሰችው።

«ይሄን ልጨምርልህ?» አለችው።

መሐሪ የጫማውን ማሰሪያ አስሮ ተነሳ። «ስጪኝ እማ» አለ፣ ሳይቆጣ። ቋጠሮውን ከእጇ ተቀብሎ ፈታው፣ ውስጡን አየ፣ መልሶ ቋጠረውና በራሱ እጅ ከተተው።