አንድ ስንዝር የጎደለው ሞተር

አዲሱ ሞተር ከአህያዋ ጀርባ ወርዶ አሸዋው ላይ እንደተጋደመ፣ ጀልበኛው አካለ ወልድ አንዴ አየውና ወደ ውሃ የሚወርደው እግሩ አጭር መሆኑን አወቀ። መለኪያ አላስፈለገውም። የአሮጌው ሞተር እግር የጀልባዋን የኋላ ሳንቃ አልፎ ውሃው ውስጥ ስንዝር ያህል ይገባ ነበር፤ የዚህኛው በአንድ ስንዝር ያጥራል። ውልብልቢቱ ላይ ላዩን አረፋ ከመምታት በቀር ጀልባዋን አይገፋትም። ይህን ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋውና ወንዙ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ሞተሩን ሊገጥም የመጣው ሙዓዊያ የደምበጫ ሰው ነው፤ በዚያ አገር የእህል ወፍጮ ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነው። ጀልባ ግን ከዛሬ በፊት በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ከደብረ ኤልያስ በኩል ወደ ዓባይ የሚያወርደውን ቁልቁለት ሲወርድ ጉልበቱ እየከዳው ሦስት ጊዜ ተቀምጧል፤ ይህንንም ላገኘው ሰው ሁሉ ነግሯል።

«አባቴ፣ የወፍጮ ሞተርም ሞተር ነው፣ ይሄም ሞተር ነው» አለ የመሣሪያ ከረጢቱን እየፈታ። «አያስቡ፤ ዋናው ነገር ውሃ እንዳይነካው ነው።»

«አንተ ታውቃለህ» አለ አካለ ወልድ።

ሃያ ሦስት ዓመት ሰው አሻግሯል። አሮጌው ሞተር ሰኔ ላይ ሞቶ ክረምቱ ሲወጣ በመቅዘፊያ ጀመረ፤ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ቀኝ ትከሻው ማታ ማታ እንደ እሳት ይለበልበው ነበር። ደምበጫ ያለችው ልጁ ዘመናይ አንድ ክፍል አጽድታ አልጋ ከዘረጋችለት ቆይታለች። በስልክ «መቼ ነው የምትመጣው?» ባለችው ቁጥር «ጀልባዋ ስታቆም» ይላል። ደክሞኛል ማለት ነበረበት፤ አልቻለም። ሰዉ «አንተ ባትኖር ምን እንሆን ነበር?» ሲለው ደስ ይለዋል፤ እውነቱን ለመናገር ከዚህ ደስታ ሌላ ብዙ ደስታ አላየም። ይኸው የወዲህና የወዲያ ማዶ ሰዎች እሱን ሳያማክሩ አዋጥተው ሞተር ገዙ። «አያ አካለ ይረፍ ብለን ነው» አሉት። አመሰገናቸው። ቤቱ ገብቶ ግን ሌላ ሃያ ዓመት እንደተፈረደበት ሰው ግድግዳውን ሲያይ አመሸ።

አሁን መውጫው ከፊቱ ተጋድሟል። ሞተሩ እምቢ ይላል፤ ጀልባዋ ወደ ዳር ትጎተታለች፤ እሱም ጓዙን ይዞ ወደ ልጁ ይሄዳል። ዝም ያለ ሰው ምን ተብሎ ይወቀሳል?

ሙዓዊያ ሲሠራ ያምራል። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ግራሶ ቀባ፣ የቀድሞውን ቀዳዳ በእንጨት ደፈነ። ወፍጮ ቤት እንደለመደው ሞተሩን ከእርጥበት ለማራቅ ሳንቃው ላይ ወፍራም ጣውላ ደረበና ከዚያ በላይ አሰረው። አካለ ወልድ ይህን ሲያይ ሳቅም ሐዘንም ያዘው። አጭሩ እግር ጭራሽ ሽቅብ ወጣ።

ዳር ላይ እህላቸውን አስፈጭተው የሚመለሱ የወዲያ ማዶ ሴቶች የዱቄት ጆንያቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። እነሱ ዘንድ ወፍጮ የለም። ጠዋት በመቅዘፊያ ሲያሻግራቸው ታየች የምትባለው፣ አርባ ዓመት የሚሆናት ጠንካራ ሴት፣ ሁለተኛውን መቅዘፊያ ሳትጠየቅ አንስታ አግዛዋለች። አሁን ዓይኗን ከሞተሩ ላይ አላነሳችም።

ሙዓዊያ የማስነሻውን ገመድ ሦስት ጊዜ ሳበ። በአራተኛው ተነሳ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ሁለቱ ወንዶች ጀልባዋን ገፍተው ገቡ።

ሞተሩ ጮኸ። ውሃው ከኋላቸው ነጭ ሆኖ ተናጠ፤ ጀልባዋ ግን ወደፊት አልሄደችም፣ ወራጁ ውሃ ይዟት ወደ ታች ነጎደ። ሙዓዊያ ነዳጁን ጨመረ፣ ጩኸቱ ባሰ። ፊቱ አመድ መሰለ። አካለ ወልድ መቅዘፊያውን አንስቶ ቀዘፈ። በየምቱ ትከሻው ውስጥ አንድ ነገር የሚቀደድ ይመስለው ነበር። ከተነሱበት ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ዝቅ ብለው አሸዋው ላይ ወጡ።

ሙዓዊያ ሞተሩን አጠፋና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ወላሂ። ድምፁን ሰምቻለሁ። ያልቻልኩት እኔ ነኝ። የስንት ሰው ተስፋ አበላሸሁ፣ አባቴ።»

ሴቶቹ በዳር በዳር ሮጠው ደረሱ። ታየች አካለ ወልድ ትከሻውን ጨምድዶ መያዙን አየች።

«አያ አካለ፣ ይብቃህ» አለች። «እናቶቻችንን አሻግረሃል፣ አራሶቻችንን አሻግረሃል። እኛ በድልድዩ እንዞራለን። ልጅህ ዘንድ ግባና እረፍ። እግዜር ውለታህን ይክፈልህ።»

አንዷ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች። ሌሎቹ ጆንያውን ለሸክም ያመቻቹ ጀመር። በድልድዩ መዞር የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃሉ፣ ግን ማንም አላነሳውም።

ይኸው፣ የፈለገውን አገኘ፤ ከነምርቃቱ። አካለ ወልድ አፈረ። ከልጅነቱ ወዲህ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ሰዎቹ ቢቆጡት ይችለው ነበር፤ ምስጋናውን ግን ይዞት ደምበጫ ድረስ ሊሄድ አልቻለም።

«መጋዝ ይዘሃል?» አለ ወደ ሙዓዊያ ዞሮ።

«መጋዝ ምን ያደርጋል?»

«እግሩ አጭር ነው። ጣውላውን አንሳው፤ ሞተሩ ዝቅ እንዲል ሳንቃውም በአንድ ስንዝር መቆረጥ አለበት። ጠዋት ከአህያዋ ሲወርድ ነው ያወቅኩት።»

«ጠዋት?»

«ጠዋት።»

ሙዓዊያ ከተቀመጠበት ተነሳ። «እና ዝም አሉኝ? ወንዙ መሃል ድረስ? እኔ ዋና እንኳ አላውቅም!»

«ዝም አልኩህ።»

ሴቶቹ ሰምተዋል። ጉልበቱን ልትስም የነበረችው ቀና ብላ ቆመች። ሙዓዊያ ከከረጢቱ መጋዝ አወጣና በንዴት ወረወረለት። አካለ ወልድ ሞተሩን ፈትቶ ሳንቃውን መቁረጥ ጀመረ። ግማሽ ሳይደርስ ክንዱ ዛለ። ሙዓዊያ መጋዙን ተቀብሎ ጨረሰና ሞተሩን ዝቅ አድርጎ መልሶ አሰረው።

በዚህኛው ጊዜ ሞተሩ አልጮኸም፤ በወፍራም ድምፅ አጉረመረመ። ሴቶቹ ጆንያቸውን ጭነው ተሳፈሩ። ሙዓዊያ ከዳር ቆሞ፣ ገንዘብ ቢቆለልለትም ዳግመኛ ጀልባ ውስጥ እንደማይገባ አስታወቀ። ጀልባዋ ወራጁን እየሰነጠቀች ሄደች፤ እልል የሚል ግን አልነበረም።

መሃል ላይ ሲደርሱ ታየች ወደ ኋላ ዞረች።

«ለምን፣ አያ አካለ?»

«ደክሞኛል» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እንዲህ ቀላል መሆኑ ገረመው። «ሞተር ገዛችሁልኝ። እኔ ግን የምፈልገው የሚተካኝ ሰው ነበር።»

«ይህንን በአፍህ ብትነግረን ምን ነበረበት?»

አካለ ወልድ የሞተሩን እጀታ በግራ እጁ እንደያዘ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ነይ ያዢው።»

«እኔ?»

«የወንዙ ድንጋይ የት የት እንዳለ ከእኔ እኩል ታውቂያለሽ።»

ታየች ጓደኞቿን ተሻግራ መጣች። ጀልባዋ ስታጋድል ሴቶቹ «በእመብርሃን!» ብለው ተያያዙ። እጀታውን በሁለት እጇ ጨበጠች። አካለ ወልድ በጆንያዎቹ መሃል ወደ ፊት ሄደና በሃያ ሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳፋሪ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተቀመጠ። የዱቄቱ ሙቀት ጀርባው ላይ ተሰማው።

«አያ አካለ! ወዴት ልያዘው?»

«ወደ ቤትሽ» አለ፣ ዞሮ ሳያያት።

ጀልባዋ መጀመሪያ ወደ ታች ተንሸራተተች። ሴቶቹ ሁሉ እሱን አዩት። እሱ ግን እጆቹን ጭኑ ላይ አኑሮ፣ ቀስ እያለ የሚቀርበውን ማዶ ያይ ነበር።