ነጎድጓድ የሌለው ገበያ

አትላንታ አጠገብ፣ ሊቶኒያ ውስጥ ባለው ትልቁ ሱፐርማርኬት ዝናብ ይዘንባል ቢሏችሁ አትሳቁ። ይዘንባል። ጎመኑና ሰላጣው በተደረደረበት በኩል መጀመሪያ ነጎድጓድ ይሰማል። የውሸት ነጎድጓድ ነው፣ ከስፒከር የሚወጣ። ከዚያ ከቅጠሉ በላይ ከተዘረጋው ቀጭን ቧንቧ ጉም የመሰለ ውሃ ይረጫል። ነጎድጓዱ ሰው እጁ እንዳይረጥብ ማስጠንቀቂያ ነው አሉ። ፈረንጅ መቼም የማያስበው ነገር የለም።

ወለተሥላሴ የምትኖረው ለዚህ ዝናብ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ማስታወስ ከከዳት ቆይቷል። የልጇን ስም ከእህቷ ስም ጋር ታደባልቃለች፤ ቤት ከዋለች መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ቃል ሳትተነፍስ ይመሻል። እዚያ ጎመን ፊት ነጎድጓዱ ጉርር ሲል ግን ፊቷ ፍክት ይላል።

«ኧረ ልብሱን አስገቡ! ምን ይገትራችኋል!» ትላለች ጮክ ብላ።

«አስገባሁት» ይላታል ባሏ ለገሰ።

ትስቃለች። እሱም ይስቃል። ጉሙ ቀስ ብሎ ሲወርድ ሁለቱ ሽማግሎች ጋሪያቸውን ተደግፈው፣ የየትም አገር ባልሆነ ዝናብ ፊት፣ እስኪያባራ ይቆማሉ። ለገሰ አንዳንዴ ዓይኑን ይጨፍናል። ያኔ ያለበት ቦታም፣ ዕድሜውም፣ የጉልበቱ ሕመምም ይጠፋበታል፤ የሚቀረው እጁ ውስጥ ያለው የሚስቱ እጅ ብቻ ነው።

ደግሞ እዚያ ሁሉም ያውቃታል። ዕቃ በከረጢት የምትከት ሚስ ግሎሪያ የምትባል ወፍራም ደግ ሴትዮ አለች። እጇ እንቁላሉን ከላይ፣ ጣሳውን ከታች ያደርጋል፤ ዓይኗ ግን ከወለተሥላሴ ላይ አይነቀልም። ወደ በሩ ዘወር ካለች ክንዷን ያዝ አድርጋ «የኔ ማር፣ ወዴት ነው?» ትላታለች በእንግሊዝኛዋ። ለገሰ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ ያረጀ ሰው ነው። ዓይን የሚጥልልህ ሰው ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል።

ልጃቸው ኑሃሚን ደግሞ የምታየው ደረሰኙን ነው። ሚድታውን ቢሮ ትሠራለች፤ ነገር መቁጠር ትወዳለች።

«አባዬ፣ ሲሪየስሊ፣ ለአንድ እስር ጎመን ይሄን ያህል? መንገዱን ብትሻገር እኮ ቅናሹ ሱቅ አለ። ግማሽ ዋጋ ነው። ያው ወተት፣ ያው እንቁላል።»

«ያው አይደለም።»

«ላይክ፣ ምኑ ነው ያው ያልሆነው?»

ለገሰ ነጎድጓድ የለውም ይበል? ጡረታው እንደሆነ ወሩ ሳያልቅ እሱ ያልቃል፣ የጎደለውን የምትሞላው ልጁ ናት። የሚሞላ ሰው ይናገራል፣ ምን ይደረጋል።

ስለ ጎመን ብቻ ቢሆን እንኳ ምን ነበረበት። ፋሲካ ሰሞን ወለተሥላሴ ከቤት ወጥታ ጠፍታ ፖሊስ ነው ያገኛት፣ ያውም ከአውራ ጎዳናው ዳር። ያን ዕለት ኑሃሚን አለቀሰች፤ አልቅሳ ስትጨርስ ቁርጡን ተናገረች።

«እንደገና ከጠፋች ነርሲንግ ሆም ትገባለች። ብቻህን አትችላትም አባዬ። ቦታውን አይቼዋለሁ፣ ንጹሕ ነው።»

ንጹሕ ነው! ልብሱን አስገቡ ስትል አስገባሁት የሚላት በሌለበት የአረጋውያን መጦሪያ ክፍል ንጽሕናው ምን ሊያደርግላት? ከዚያ ወዲህ ለገሰ እንቅልፍ አያውቅም፤ የበሩ እጀታ ኮሽ ካለ ብድግ ነው። በልጁ ግን አልፈረደባትም። እናቷን የምትወደውን ያህል ትፈራላታለች፣ እሱም ያውቀዋል።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ወለተሥላሴ ጤና ሳለች በየሰርጉና በየክርስትናው የማትረሳት አንዲት ወሬ ነበረቻት። ለገሰ ወጣት ሆኖ ደብረ ብርሃን የአጎቱን ጨርቅ ቤት ይጠብቅ ነበር። እሷ ሻሽ ልትገዛ ገባች። ዋጋ ጠራባት፣ ቀነሰችበት፣ እምቢ አለ። ሻሹን ጥላ ወጣች። ገና ከደጃፉ ሳታልፍ ግን «እህት! እሺ፣ ነይ ውሰጂው!» ብሎ ተጣራ። «ሞኝ! ቶሎ ጠራኝ። ትንሽ ቢታገስ ጨምሬ ልሰጠው ነበር እኮ» ትላለች፤ ድግሱ በሳቅ ይፈርሳል። ለገሰ አፍሮ አንገቱን ይደፋል፣ በሆዱ ግን ደስ ይለዋል። አሁን ያቺን ወሬ ከተወቻት ሰነበተች። ስሙን ከጠራችም ዓመት አልፏል። ትከተለዋለች፣ እጁን ትይዛለች፤ ማን እንደሆነ ማወቋን ግን እግዜር ይወቀው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኑሃሚን ሁለቱንም በመኪናዋ ይዛ ቅናሹ ሱቅ ወሰደቻቸው። ጋሪዎቹ በሰንሰለት ታስረዋል፤ ሳንቲም ካልጎረሱ አይለቁም።

«ይሄስ ጉቦ የለመደ ነው» አለ ለገሰ።

ውስጡ ጭር ያለ ነው። ዘፈን የለም። ዕቃው ከነካርቶኑ ተደርድሯል። ለዚያ ሁሉ አዳራሽ ያሉት ሠራተኞች ሁለት ናቸው፣ እነሱም ይሮጣሉ። ለገሰ ሐቁን አልካደም፤ ሽንኩርቱ ሽንኩርት ነው፣ ምስሩም ምስር፣ ዋጋውም ለጉድ ርካሽ። ወለተሥላሴ ግን ቅጠላ ቅጠሉ ጋ ሲደርሱ ቀጥ ብላ ቆመች። ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ጠበቀች። እሱም አብሯት ጠበቀ፣ እንደማይመጣ እያወቀ። ነጩ መብራት ብቻ እዝዝዝ ይላል።

«ነይ ወለቴ። እዚህ በጋ ነው» አላት።

ካሸሯ ዕቃውን አንስታ ጋሪው ውስጥ ትወረውረዋለች፤ ከረጢት ውስጥ መክተት የገዢው ሥራ ነው። አባትና ልጅ ከበሩ አጠገብ ያለው ባንኮኒ ላይ ተደፍተው ይከቱ ጀመር። ጣሳው እንቁላሉ ላይ፣ እንቁላሉ ዳቦው ላይ፣ ሁለቱም አልቻሉበትም። አጠገባቸው አንድ ትልቅ ሣጥን ሙሉ ሀብሃብ አለ። ወለተሥላሴ አንዱን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችና ጆሮዋን አስጠጋች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«ስንት ነው?»

ለገሰ ቀና ሳይል የተለጠፈውን አነበበላት። «አምስት።»

«በሦስት ስጠኝ።»

«አይቀንስም ወለቴ፣ ፊክስድ ነው። ያቺን ከረጢት አቀብይኝ እስቲ።»

የሚያቀብለው ጠፋ። ቀና ሲል ሀብሃቡ አለ፣ እሷ የለችም።

«ማሚስ?» አለች ኑሃሚን። ከረጢቱ ከእጇ ወደቀ፤ እንቁላሉ ሲሰበር ለገሰ ሰማው።

ሁለቱም ወጡ። ውጭ ሰማዩ ጠቁሯል፣ የአትላንታ ድንገተኛ ዝናብ ሊመጣ ነው። ኑሃሚን ወደ ሱቁ ጀርባ ሮጠች፣ «ማሚ! ማሚ!» እያለች፤ ፖሊስ ልትጠራ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች። እየሮጠች ዞር ብላ ጮኸችበት።

«አለቀ አባዬ! ሰኞ ለነርሲንግ ሆሙ እደውላለሁ! አለቀ!»

ለገሰ ሊሮጥ ፈልጎ ጉልበቱ እምቢ አለው። ያን ጊዜ አያት። በቆሙት መኪኖች መሃል፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ወደ ትልቁ መንገድ እየሄደች ነው። ከፊቷ መኪናው ይከንፋል። «ወለቴ!» ብሎ ጮኸ። አልዞረችም። ሰማዩ ጉርር አለ፣ የምሩን፤ ለዚያም አልዞረችም። ወይኔ ሚስቴን፣ ወይኔ ጉዴ አለ።

ግን አረማመዷ። አረማመዷ የጠፋ ሰው አረማመድ አይደለም። የጠፋ ሰው ይጣደፋል፣ ይዞራል፣ ያያል። እሷ ቀስ ብላ፣ ተንቀባርራ፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ትታ ነው የምትሄደው። ይህን ጀርባ ያውቀዋል! ዋጋ ሰጥታ እምቢ የተባለች ሸማች እንዲህ ነው የምትሄደው። እስክትጠራ ድረስ ነው የምትሄደው። ካልተጠራችስ? ካልተጠራች ትሄዳለች እንጂ፣ በምን ፊቷ ትመለሳለች?

ለገሰ በደብረ ብርሃን ድምፁ፣ ከሆዱ አውጥቶ ተጣራ።

«እህት! እሺ ነይ! በሦስቱ ውሰጂው!»

ጋሪ የሚገፉት ሁሉ ዞሩ። ወለተሥላሴ ቆመች። አልዞረችም፤ ገበያ የምታውቅ ሴት በመጀመሪያ ጥሪ አትዞርም።

«ነይ በቃ፣ ከሰርሽኝ! ለሌላ ሰው እንዳትነግሪ ብቻ!»

ዞረች። በዚያው አረማመድ፣ ሳትቸኩል፣ በመኪኖቹ መሃል ተመለሰች። ትልልቅ የዝናብ ጠብታዎች አስፋልቱን መምታት ጀምረዋል። ኑሃሚን ከሱቁ ጀርባ እያለከለከች መጥታ ካባቷ ኋላ ቆመች፤ ስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት ሄሎ፣ ሄሎ ትላለች።

ወለተሥላሴ ባሏ ፊት ደረሰች። አየችው። ትክ ብላ አየችው፤ እዚያ ጎመኑ ዘንድ ሲዘንብ እንደሚሆነው፣ ፊቷ ቀስ እያለ በራ።

«ለገሰ» አለች፣ «ዛሬም ቶሎ ጠራኸኝ። ትንሽ ብትታገስ ልጨምርልህ ነበር።»

ለገሰ እጇን ያዘና እንደ ልጅ አለቀሰ፣ ሰው ሁሉ እያየው።

ኑሃሚን ስልኩ ውስጥ ላለችው ሴት «አግኝተናታል» አለቻትና ዘጋችው። ስለ ሰኞ ምንም አልተነፈሰችም። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ሀብሃቡን ልትገዛ ወደ ሱቁ ተመለሰች።

«አንቺ ልጅ!» አለቻት እናቷ ከኋላዋ፣ «ያሉሽን ዝም ብለሽ እንዳትከፍይ፤ ተከራከሪ እንጂ!»